ቆጣሪዬ 7 ላይ ቆሟል፤ ቀለበት ውስጥ ልግባ?

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፣

የግሌ ዌብሳይት አለኝ። የምጽፈው ስለ እሳት እራት ነው። ማታ ማታ መብራቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ የሚያርፉትን በእርሳስ እሥላለሁ፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ ያየሁትን እጽፋለሁ። ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። 46 ጽሑፍ አለኝ። ጎብኚዬ ግን በቀን 7 ነው። ከ7ቱ አንዷ እኔ ነኝ፣ አንዷ ደግሞ እህቴ ናት። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሼር ሳደርግ ላይክ ይመጣል እንጂ ሰው ወደ ገጹ አይመጣም።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማላውቀው ሰው ኢሜይል ላከልኝ። ተፈጥሮን በገዛ ዓይናቸው እያዩ የሚጽፉ 24 ሰዎች ዌብሳይቶቻቸውን በቀለበት አያይዘዋል፤ ዌብሪንግ ይሉታል። እያንዳንዱ ገጹ ላይ «ቀዳሚ» እና «ቀጣይ» የሚሉ ሊንኮች ያስቀምጣል፤ ጎብኚው እየተጫነ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። «አንቺም ግቢ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ጨረሰ።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። እውነት ጎብኚ ያመጣል? ሊንክ ተለዋወጥሽ ብሎ ጉግል አይቀጣኝም? የላከልኝን ኮድ ገጼ ላይ ብለጥፈው ጣጣ የለውም? አድራሻዬን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፣ ግን እባክዎ አያትሙት፤ ገና አፍራለሁ።

ቆጣሪዋ የቆመባት

መልስ

ግቢ። ግን ቆጣሪዬ 7 ላይ ቆመ ብለሽ ከሆነ የምትገቢው፣ በወሩ ተናደሽ ትወጫለሽ። እኔ ከዚህ ነገር ጋር ብዙ ዓመት ተጣልቼ የታረቅሁ ሰው ስለሆንኩ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። 24 ዌብሳይት ነው ያልሽኝ። እያንዳንዳቸው በቀን 10 እውነተኛ ሰው ያገኛሉ እንበል። ባንድ ላይ 240። ከ100 ሰው 3ቱ «ቀጣይ»ን ወይም «ቀዳሚ»ን ቢጫኑ፣ ቀለበቱ በሙሉ በቀን የሚያገኘው 7 ክሊክ ገደማ ነው። ይህን ለ24 አካፍይው። ለአንቺ የሚደርስሽ በሦስት ቀን አንድ ሰው፣ በወር 9 ወይም 10 ሰው ነው። በቃ። «3» ያልኩትም ለሒሳቡ እንዲመቸኝ የወሰድኩት ነው፤ ከዚያ ያነሰም ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ቀለበት አዲስ ሰው አይፈጥርም። ያለውን ሰው ያዞራል። ያንቺም ጎብኚ «ቀጣይ»ን ተጭኖ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ማንም ከውጭ ሰው የማያመጣ ከሆነ ነገሩ 24 ሰው እርስ በርሱ ሲጠያየቅ መዋል ነው። ክፉ ነገር አይደለም፣ ግን ቆጣሪ አያንቀሳቅስም።

ከመሀላቸው አንዱ በቀን 2,000 ሰው ያለው ቢሆንስ? ያኔ ግራና ቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹ ይጠቀማሉ። በዚያው ሒሳብ 60 ክሊክ ከእሱ ይወጣል፣ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ ወዲያ ላለው የሚደርሰው ጠብታ ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪውን «ስንተኛ ላይ ነው የምታስገባኝ? አጠገቤ እነማን አሉ?» ብለሽ ጠይቂው። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። አንዳንዱ ቀለበት «ባገኘኸው» የሚል ሦስተኛ ሊንክ አለው፤ ሲጫኑት ከሁሉም አንዱን እንደ ዕጣ ያወጣል። እሱ ካለ የቦታው ነገር ብዙም አያሳስብሽ።

አሁን ታዲያ ለምን ግቢ አልኩሽ?

የኔን ልንገርሽ። እኔ ስለ አሮጌ ሬዲዮ ጥገና ነው የምጽፈው፣ ያንን አምፖል በሚመስል የመስታወት ቱቦ የሚሠራውን። ከጥቂት ዓመት በፊት 19 ዌብሳይት ያለበት ቀለበት ውስጥ ገባሁ። ወሩ ሲያልቅ የቀለበቱ አስተዳዳሪ «88 ክሊክ ልከንልሃል» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ የሰርቨሬን ሎግ ከፈትኩ። ሎግ ማለት ሰርቨሩ፣ ገጼ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ማን መጣ፣ የትኛውን ገጽ ጠየቀ፣ ከየት መጣ እያለ መስመር በመስመር የሚመዘግብበት ደብተር ነው። አንድ በአንድ ስቆጥር ከጎረቤቶቼ የመጣ እውነተኛ ሰው 31 ብቻ ሆነ። የቀረው ሮቦት ነበር፣ ያለ ሰው እጅ ከገጽ ገጽ የሚዞር ፕሮግራም። ሮቦት ሊንክ ካየ ይጫናል፣ ለእሱ ሬዲዮም የእሳት እራትም አንድ ነው።

ከ31ዱ 22ቱ የፊት ገጹን አይተው ሄዱ። 9ኙ ሌላ ገጽ ከፈቱ። ከ9ኙ አንዱ ላይ ዓይኔ ተተከለ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ14 ላይ ስለ ትራንስፎርመር የጻፍኩትን ከፈተ። በ3 ሰዓት ከ22 ስለ ቱቦ። በ3 ሰዓት ከ31 ስለ ድምፅ ማጉያ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘልበት ጊዜ አንብቦ ለመጨረስ የሚበቃ ነው። 14 ገጽ ነው ያነበበው። እኔ ኩርሲ ላይ ተቀምጬ፣ ትናንት ማታ አንድ ሰው የኔን ጽሑፍ ሲያነብ የዋለበትን መንገድ በጣቴ እየተከተልኩ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ላይክ ላይ አይታይም።

ከሁለት ቀን በኋላ ኢሜይል መጣ። «ሦስተኛው ሥዕልዎ ላይ ካፓሲተሩ ተገልብጧል፤ ፖዘቲቩ ወደ ኔጋቲቩ ዞሯል» ይላል። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። ሄጄ አየሁት። እውነቱን ነው። ያ ሥዕል ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ከጉግል ፍለጋ የመጣ ስንት ሰው አይቶታል፣ አንድም ቃል የተናገረኝ የለም። እሱን አምኖ የሠራ ሰው ካፓሲተሩ ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችል ነበር። ያን ቀን አርሜዋለሁ፤ ሰውየውም እስከ ዛሬ ወዳጄ ነው።

ቀለበት የሚያመጣልሽ እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ከፍለጋ የሚመጣው ሰው አንድ መልስ ፈልጎ ነው፤ ያገኛል ወይም ያጣል፣ ይሄዳል። በቀለበት የሚመጣው ግን ሌላ ሰው የእንጉዳይ ማስታወሻ ሲያነብ ቆይቶ «ደግሞ እዚያ ማዶ ምን አለ?» ያለ ሰው ነው። ሥራ የለውም፣ ጊዜ አለው። ላንቺ የሚያስፈልግሽም ጊዜ ያለው ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። ዴኒስ ሃው የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ገጾችን በቀለበት የማያያዝ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ወዲያው ሴጅ ዋይል የተባለ ገና ወጣት የሆነ አሜሪካዊ ሥራውን የሚያቀልል ፕሮግራም ጻፈና ዌብሪንግ አለው። ያኔ ጉግል የለም፤ የተመሠረተው በ1998 ነው። ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው ከሊንክ ወደ ሊንክ እየዘለለ ነበር። ከዚያ ዌብሪንግ ተሸጠ፣ ተሻሻጠ፣ መጨረሻ ላይ ለሰው ነጻ ዌብሳይት ይሰጥ የነበረው ጂኦሲቲስ እጅ ወደቀ፤ ያሁ በ1999 ጂኦሲቲስን ሲገዛ እሱም አብሮ ገባ። በ2000 አሠራሩ ሲለወጥ ብዙ አስተዳዳሪዎች ተቆጥተው ወጡ። በ2001 ያሁም ተወው። ፍለጋውም እየተሻሻለ ሄደ፣ ቀለበቱ ተረሳ። አሁን እንደገና የሚያነሡት በአብዛኛው ከትልልቆቹ መድረኮች የሸሹ ሰዎች ናቸው፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

በድሮው ጊዜ የደረሰብኝንም ልጨምርልሽ፣ ትምህርት ይሆንሻል። የመጀመሪያው ቀለበቴ በእጅ የታሠረ ነበር። እኔ የጎረቤቴን አድራሻ ገጼ ላይ እጽፋለሁ፣ እሱ የሚቀጥለውን ይጽፋል። መሀል የሚያስተናብር ነገር የለም። አንድ ቀን እንዲሁ «ቀጣይ»ን ብጫነው «ገጹ አልተገኘም» አለኝ። ጎረቤቴ ዌብሳይቱን ከዘጋ አራት ወር ሆኖት ነበር። አራት ወር ሙሉ ጎብኚዎቼን ወደ ገደል ስሰድድ ኖሬያለሁ ማለት ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ከእሱ ወደ እኔ ይመጣ የነበረው ሁሉ ቀርቷል። አንዱ ሲሞት ቀለበቱ የተበጠሰ ክር ይሆናል።

የዛሬዎቹ ደህናዎቹ እንዲህ አይደሉም። ሁሉም አባል የሚያያይዘው ወደ መሀሉ ነው። ጎብኚው ያንቺ ገጽ ላይ «ቀጣይ» ሲል መሀል ያለው ሰርቨር ስም ዝርዝሩን ያያል፣ ካንቺ ቀጥሎ ያለውን ያገኛል፣ ወደዚያ ያሳልፈዋል። አንዱ ከሞተ አስተዳዳሪው ስሙን ከዝርዝሩ ያወጣል፣ ቀለበቱ ራሱን ይገጥማል። ድካሙ ወደ አንድ ሰው ዞረ ማለት ነው። ያ ሰው ቢሰለችስ? ለዚህ ነው ከመግባትሽ በፊት ቀለበቱን በእግርሽ ዙሪው የምለው።

እኔ ዞሬልሻለሁ። የላክሽልኝን አድራሻ ይዤ «ቀጣይ፣ ቀጣይ» እያልኩ እስክመለስ ድረስ ሄድኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹን ያጠፋሁት ስለ እንጉዳይ የሚጽፈው ሰውዬ ጋ ነው። ከ24ቱ 17ቱ ይሠራሉ፣ ጽሑፋቸውም በሕይወት አለ። 3ቱ አይከፈቱም። 2ቱ ይከፈታሉ፣ ግን የቀለበቱን ሊንክ ገጻቸው ላይ አላየሁትም፤ መቀበል እንጂ መስጠት የለም። አንዱ ሰባት ዓመት አዲስ ነገር አልጻፈም፣ ግን የከዋክብት ማስታወሻው እስከ ዛሬ ያምራል። አንዱ ደግሞ ጉድ ነው፤ የወፍ ገጽ ነው ተብሎ ተጽፎ ስከፍተው የቁማር ማስታወቂያ ወጣ። ባለቤቱ ዶሜይኑን፣ ማለትም በየጊዜው የሚከፈልበትን የዌብሳይቱን አድራሻ፣ ሳያድስ ቀርቶ ሌላ ሰው አንሥቶታል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም ነበር። በዚህ ቀለበት 3 ከ24 መሞቱ እንዲያውም ደግ ነው።

ከ24ቱ 17ቱ ደህና ከሆኑ ለኔ ይበቃል። ግን ለጋበዘሽ ሰው የቁማሩን ነገር ንገሪው። በሁለት ቀን ውስጥ ካወጣው ቀለበቱ ባለቤት አለው ማለት ነው። ዝም ካለ አትግቢ፣ ሌላ ፈልጊ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ቅር እንዳትይኝ። ዌብሳይትሽን በስልኬ ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ስክሪኑን የሞላ ፎቶ ነው፤ 11 ሰከንድ ቆጠርኩ እስኪከፈት። ቀጥሎ «እንኳን ወደ ገጼ በሰላም መጡ»። ቀጥሎ ስለ አንቺ አንድ አንቀጽ። ሦስት ጊዜ ወደ ታች ከሳብኩ በኋላ ነው የመጀመሪያዋን የእሳት እራት ያየሁት። እና እንዴት ያለች ናት! ያቺ ክንፏ የተቀደደችው፣ አምፖሉ ላይ ሦስት ምሽት የተመላለሰችው፣ በአራተኛው መስኮቱ ላይ የተገኘችው። እንባዬ ሊመጣ ነበር። ይህን ከሦስት ስክሪን በታች የደበቅሽው ለምንድን ነው?

በቀለበት የሚመጣው ሰው የሚያርፈው በፊት ገጽሽ ላይ ነው። ምክንያቱም ዝርዝሩ ላይ የሚጻፈው የፊት ገጽሽ አድራሻ ነው። የሚሰጥሽ ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። እኔ ብሆን ትልቁን ፎቶ አውጥቼ፣ በምትኩ አንድ የእርሳስ ሥዕል አነስ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ከሥሩ አንድ መስመር፦ «ማታ መብራቴ ሥር የሚመጡትን የእሳት እራቶች እሥላለሁ።» ከዚያ ሦስት ጽሑፍ፣ አዲሶቹን ሳይሆን ምርጦቹን። ክንፏ የተቀደደችው አንደኛ ትሁን። «እንኳን በሰላም መጡ»ውን ተይው፤ መጥተዋላ።

የቀለበቱን ሊንክ ደግሞ የት ታስቀምጪዋለሽ? ብዙ ሰው ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጎ ይሰቅለዋል፣ ማንም አያየውም። ወይም በተቃራኒው የፊት ገጹ አናት ላይ ያደርገዋል፣ ጎብኚውም ገና ሳይቀመጥ ይሸኛል። ቦታው የእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ ነው። አንባቢው ጨርሶ «አሁንስ ወዴት?» የሚልበት ቦታ። እዚያም «ቀጣይ» ብቻ ብለሽ አትተይው። በራስሽ አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ «እንደኔ የሚያዩትን የሚጽፉ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ ወደ ጎረቤቴ እለፉ።» እኔ ይህን ካደረግሁ በኋላ ከኔ ወደ ጎረቤት የሚሄደው ሰው ብዛት ለራሴም አስደነቀኝ። ጎረቤቶቼም አዩት፣ እነሱም አደረጉት፣ ያኔ ነው ወደ እኔ የሚመጣውም የጨመረው። መስጠቱ ይቀድማል።

የጉግሉን ጥያቄ ቶሎ ልለፈው። ጉግል የሚከለክለው ለፍለጋ ውጤት ተብሎ ከልክ ያለፈ የሊንክ ልውውጥን ነው፤ «አያይዘኝ፣ አያይዝሃለሁ» የሚባለውን፣ ለዚያ ብቻ የሚሠሩ ገጾችንም ጭምር። አንድ ጉዳይ ላይ የሚጽፉ 24 ሰዎች ተያያዙ ተብሎ የሚደናገጥ የለም። በፍለጋ ደረጃሽ ላይም ይህን ያህል የሚጨምርልሽም የሚቀንስብሽም ነገር ይኖራል ብዬ አላስብም። ከፈራሽ ሊንኩ ላይ «ኖፎሎው» የሚለውን ምልክት ጨምሪ፤ ለፍለጋ ሞተሩ «ይህን እንደ ድጋፍ አትቁጠርልኝ» ማለት ነው። ካለ ምንም ምልክት ብትተዪውም እኔ እንቅልፍ አይነሣኝም። አስተዳዳሪው ግን «ከፍለጋ አንደኛ ያደርግሻል» ብሎ ከሆነ የጋበዘሽ፣ ያ ቀለበት ሌላ ሥራ አለው፤ ራቂው።

ኮዱ ላይ ግን ቆም በይ። የላክሽልኝን አየሁት። ሁለት አማራጭ ሰጥቶሻል። አንደኛው አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት ነው፣ ገጹ ሲከፈት የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፤ ትለጥፊዋለሽ፣ እሱ ከመሀለኛው ሰርቨር እየጠራ ያማረ ሣጥን ይሠራልሻል። ሁለተኛው ገጽ የሚጻፍበት ተራ ኤችቲኤምኤል ነው፣ ሦስት ሊንክ ብቻ። ሁለተኛውን ውሰጂ። የመጀመሪያው ያምራል፣ አዎ። ግን ስክሪፕት ማለት የቤትሽን ቁልፍ ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ያ ሰው ዛሬ ደግ ነው፤ ዶሜይኑን ነገ ማን እንደሚገዛው አታውቂም። እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነውን ብታስታውሺ ጥሩ ነው፦ ፖሊፊል የሚባል፣ ብዙ ሰው አምኖ ገጹ ላይ ያስገባው ስክሪፕት ነበር። ዶሜይኑ ተሸጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ስክሪፕት ጎብኚዎችን ወደ አጭበርባሪ ገጾች መላክ ጀመረ። ከ100,000 በላይ ዌብሳይቶች ነበር የጫኑት፤ አንዳቸውም ገጻቸው ላይ የነኩት ነገር የለም። ተራ ሊንክ ግን ቢበላሽ ሊንኩ ብቻ ነው የሚበላሸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለቆጣሪሽ። ከገባሽ በኋላ ሎጉ ላይ የጎረቤትሽ ዌብሳይት ስም ብቻ ቢታይሽ፣ የትኛው ጽሑፍ ላይ ሆኖ እንደተጫነ ባይታይሽ አትደናገጪ። የጉግል ብሮውዘር ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ወደ ሌላ ዌብሳይት ሲሻገር የገጹን ሙሉ አድራሻ አይነግርም፤ ስሙን ብቻ ነው። የእንጉዳዩ ሰውዬ ስም ከመጣ ግን ከየትኛው እንጉዳይ እንደመጣ መገመት ትችያለሽ፤ እኔ የምጠረጥረው አንድ አለ።

ተረቱን የላከልሽ ሰውዬም አልተሳሳተም። አንበሳ የሚያስር ግን አይደለም ይኼኛው ድር። የእሳት እራት ትያዝበት እንደሁ እንጂ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። «በአንድ ቀን 5,000 ጎብኚ እናመጣልዎታለን» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ልሞክረው እያልኩ ነው። ምን ይላሉ?

መልስ

አይሞክሩት። ሮቦት ናቸው። አንድ ወዳጄ ገዝቶ ነበር፤ ቆጣሪው በእርግጥ 5,000 ሞላ፣ በማግሥቱ ሲያየው ሁሉም ገጹ ላይ የቆዩት አንድ ሰከንድ ነው፣ አንዳቸውም ሁለተኛ ገጽ አልከፈቱም። ከዚያ በኋላ የራሱን እውነተኛ 12 አንባቢ ከዚያ ክምር ውስጥ ለይቶ ለማግኘት አንድ ወር ፈጀበት።

ጥያቄ

ወንድሜ፣ እኔ በተገላቢጦሹ ነኝ። የእጅ ጽሑፍና የብዕር ነገር የሚወዱ 11 ሰዎችን ዌብሳይት ያያያዘ ቀለበት አስተዳድራለሁ። ሁለት ነገር ቸግሮኛል። አንደኛው፣ የአንድ አባላችን ገጽ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖታል። ከጀማሪዎቻችን አንዱ ስለሆነ ብሰርዘው ይከፋዋል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛው፣ ብዕር የሚሸጥ ነጋዴ ልግባ እያለኝ ነው። ገጹ ያምራል፣ ከሁላችንም የሚበልጥ ጎብኚ አለው። የኛዎቹ ግማሾቹ «ይግባ» ይላሉ።

መልስ

ከነጋዴው ልጀምር፣ እሱ ቀላሉ ነው። አይግባ። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የእርስዎ አንባቢ «ቀጣይ» ሲል የሚጠብቀው አንድ ሰው ስለ ብዕር የሚያወጋውን ነው፤ አንዴ ሱቅ ላይ ከወደቀ ሁለተኛ «ቀጣይ»ን አይጫንም። የሚጎዱት ከነጋዴው ቀጥሎ ያሉት ናቸው። ጎብኚው ብዙ ነው ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ሱቅ የመጣ ሰው ሊገዛ ነው የመጣው፤ ወደ እናንተ የሚሻገረው ጥቂት ነው። ነጋዴው ስለ ብዕር የሚጽፍበት ለብቻው የሆነ ገጽ ካለው ግን እሱን ያስገቡለት፣ ከሱቁ አድራሻ ተለይቶ። የመግቢያ ደንባችሁንም ዛሬውኑ አራት መስመር አድርገው ይጻፉት፣ ሌላ ነጋዴ ሲመጣ እንደገና እንዳትከራከሩ።

የጠፋው አባል ነገር ነው ልብ የሚነካው። ሦስት ወር ግን በዝቷል፤ በግራና በቀኙ ያሉት አባላት ተጎድተዋል። እኔም የማስተዳድረው ቀለበት አለኝ፤ የማደርገውን ልንገርዎ። ገጽ ሲጠፋ ለአንድ ሳምንት ምንም አላደርግም፤ ሰርቨር ይወድቃል፣ ይነሣል። ከሳምንት በኋላ አጭር ኢሜይል፦ «ገጽህ አልከፈት አለኝ፣ ደህና ነህ?» ስለ ቀለበቱ አላነሣም። መልስ ከሌለ በወሩ ከዙሩ አወጣዋለሁ። ከዙሩ ነው ያልኩት፤ ከዝርዝሩ አይደለም። የቀለበቱ መነሻ ገጽ ግርጌ ላይ «ለጊዜው ያልተገኙ» የሚል ትንሽ ክፍል አለኝ፣ ስሙን፣ ይጽፍበት የነበረውን ነገርና የገባበትን ዓመት እዚያ እጽፋለሁ። ሊንኩን አነሣለሁ፣ ምክንያቱም ዶሜይኑን ሌላ ሰው ቢያነሣው እኔ ነኝ ሰው ወደ ቁማር የምልከው። ስሙ ግን ይቀራል።

ሦስት ስም አለኝ እዚያ። አንደኛው ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ መጥቷል። የጻፈልኝ ራሱ ሰውየው አልነበረም፣ ሴት ልጁ ነበረች፤ የአባቷን ጽሑፎች ከአሮጌ ኮምፒውተር አውጥታ በአዲስ አድራሻ አስቀምጣቸዋለች። በድሮ ቦታው፣ በሁለቱ የድሮ ጎረቤቶቹ መሀል መለስኩት።